«ሰዓት ያስገቡ» ብላችሁ ለምትጽፉ ወጣቶች

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ተጠቃሚውን ሰዓት የሚጠይቅ ፕሮግራም ይጽፋል። የሥራ መግቢያና መውጫ የሚመዘግብ፣ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ፣ ቀጠሮ የሚይዝ። የምታሳዩኝ ኮድም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የገባውን ጽሑፍ በሁለት ነጥቡ ላይ ይከፍላል፣ ሁለቱን ክፍል በኢንት ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ሰዓቱ ከ0 እስከ 23፣ ደቂቃው ከ0 እስከ 59 መሆኑን አይቶ ይቀበላል። መምህራችሁ ሙሉ ነጥብ ይሰጣችሁ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ሙያ ስኖር የምፈራው መሐል መንገድ ላይ የሚቆመውን ፕሮግራም አይደለም፤ ሳይቆም የተሳሳተ ነገር የሚመዘግበውን ነው።

እናታችሁ ተቀምጠው «7:30» ብለው ቢጽፉ ምን ማለታቸው ነው? ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ከሆነ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 13:30 ነው፤ ከሌሊቱ ከሆነ ደግሞ 1:30። ፕሮግራማችሁ ግን 7 ከ0 እስከ 23 ባለው ውስጥ ስላገኘው ያለ አንዳች ጥያቄ 7:30 ብሎ ያስቀምጠዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስቷል፣ የስህተት መልእክት ግን የለም። አገራችን ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይዛ የምትኖር ናት፤ የአውሮፕላን ትኬት በዓለም አቀፉ ይጻፋል፣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መነሻ በእኛው ይነገራል። ስለዚህ ከማናቸውም ፍተሻ በፊት የትኛውን እንደምትጠይቁ ራሳችሁ ወስኑ፤ ወስናችሁም በጥያቄው ላይ ጻፉት።

በእኛ አቆጣጠር ከጠየቃችሁ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚል ምርጫ ጨምሩ። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፤ ለጠዋትና ለቀን 6 ትደምራላችሁ፣ ለማታና ለሌሊት 18፣ ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ትቀንሳላችሁ። ከ1 እስከ 11 ባለው ሰዓት ሁሉ ይሠራል። 12 ላይ ይሰበራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት 6:00 መሆን ሲገባው 18:00 ይሆንባችኋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ደግሞ ተገልብጦ 6:00 ይወጣል። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ብትወስዱ እነዚህ ሁለቱ ይስተካከላሉ። ነገር ግን «ከቀኑ 12 ሰዓት» የሚል ሰው ማምሻውን ማለቱ ነው፣ በዚያ ስሌት ግን ንጋት ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ለዚህ እኔ የማውቀው ጥሩ መፍትሔ ብልጥ ቀመር አይደለም፤ ያሰላችሁትን መልሳችሁ ለተጠቃሚው ማሳየት ነው። «ከምሽቱ 12:00፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 18:00 ማለትዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ መስመር ብዙ ጣጣ ያድናል።

ሌላው በውጭ አገር ማስተማሪያዎች የማታገኙት የፊደላችን ጉዳይ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው 7፡30 ሲል የሚነካው የእኛን ሁለት ነጥብ ነው። ለዓይን ከላቲኑ ጋር ይመሳሰላል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሌላ ምልክት ስለሆነ ጽሑፉን የሚከፍለው ትእዛዝ፣ ስፕሊት፣ አይከፍለውም። ሰውዬው በትክክል ጽፎ «የተሳሳተ ሰዓት» ሲባል ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይቀራል፣ ምክንያቱም ስህተት አይታየውም። ከመክፈላችሁ በፊት የእኛን ሁለት ነጥብ በላቲኑ ተክታችሁ ጨርሱት።

ቁጥሮቻችንም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። አንዳንዶቻችሁ ኢንት ከመጥራታችሁ በፊት ጽሑፉ አኃዝ ብቻ መሆኑን በሚያየው በኢዝዲጂት ትፈትሻላችሁ፤ ጥንቃቄው ደስ ይለኛል። ግን ፯ን ስጡት፦ ኢዝዲጂት «አዎ፣ አኃዝ ነው» ይላል፣ ኢንት ደግሞ ቫልዩ ኤረር የሚባለውን የስህተት መልእክት ያስነሣል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የሌለውና እንደ አሥርዮሽ ቁጥር የማይደረደር በመሆኑ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ የሚሰጠው ዩኒኮድ ከአኃዝ ቢቆጥረውም ከአሥርዮሽ አኃዞች ጋር አልመደበውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ኪቦርድ የሚጻፈውን የዐረብ ቁጥር (ለምሳሌ ٧) ግን ኢንት ያለ ቅሬታ ይቀበላል! ኢዝዴሲማል የሚባለው ፍተሻ በሁለቱም ላይ ከኢንት ጋር ይስማማል።

ስህተት ሲነሣ ፕሮግራሙ እንዳይቆም የሚይዙትን ትራይና ኤክሴፕትን በተመለከተ ባጭሩ፦ የስህተቱን ስም ሳትጠሩ ኤክሴፕት ብቻ አትጻፉ፤ በሉፕ፣ ማለትም በሚደጋገም ትእዛዝ፣ ውስጥ ካስገባችሁት ተጠቃሚው ኮንትሮልና ሲን ተጭኖ መውጣት እንኳ ያቅተዋል። ቫልዩ ኤረርን በስሙ ያዙ። መልእክታችሁም ምን እንደጎደለ ይናገር። «7» ብቻ ለጻፈ ሰው ደቂቃው እንደቀረ ንገሩት፤ «7:60» ለጻፈ ደቂቃ ከ59 እንደማያልፍ። «7:5» ሲመጣ አትገምቱ፤ 7:05 ይሁን 7:50 የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና ደቂቃውን በሁለት አኃዝ እንዲጽፍ ጠይቁት። ጽሑፍን ወደ ሰዓት የሚለውጠው ስትሪፕታይም የሚባለው ዝግጁ ፈንክሽን 7:05 ብሎ ያልፈዋል፤ ዝግጁ ስለሆነ ብቻ ውሳኔውን ለእሱ አትተዉለት።

ፍተሻውን ያለፈውን ሰዓት ደግሞ እንደ ጽሑፍ አታቆዩት። እንደ ጽሑፍ ሲነጻጸር «9:30» ከ«10:15» ይበልጣል፣ 9 ከ1 ስለሚበልጥ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ወደሚቆጠር ደቂቃ ለውጡት፤ የሌሊት ተረኛ ጥበቃ 22:00 ገብቶ 6:00 ሲወጣ መውጫው ከመግቢያው ያንሳል፣ ያን ጊዜ በመውጫው ላይ የአንድ ሙሉ ቀን ደቂቃ የሆነውን 1440 ደምሩ እንጂ «ስህተት» ብላችሁ አትመልሱት።

ፕሮግራሙን ከማስረከባችሁ በፊት ኮድ የማያውቅ ሰው ፊቱ አስቀምጡና ምንም ሳታስረዱ የሚጽፈውን ተመልከቱ። ባዶውን ኢንተር ይጫናል፣ በነጠላ ነጥብ 7.30 ይላል፣ 24:00 ይሞክራል። «ለስምንት ሩብ ጉዳይ» ብሎ በፊደል ከጻፈ ግን ያንን የሚረዳ ኮድ ለመጻፍ አሁኑኑ አትድከሙ፤ ከጥያቄው ሥር «ምሳሌ፦ ቀን 7:45» ብሎ ማሳየት ይበቃል።