ስታንዳርዱ ሙከራ አሠሩ ይላል፣ ላብራቶሪ ግን የለንም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ባህር ዳር ላይ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪው ራሱ ይሞክር ይመርምር ይላል እኔ ጋ ግን ላብ የለም ክፍሉም ተጨናንቋል። ከሐይቁ ዳር ቀበሌዎች የሚመጡ አሉ፣ ቤታቸው አገውኛ የሚናገሩ አሉ፣ ማየት የተሳነው ልጅም አለኝ። ሁሉንም በአንድ መለኪያ መለካት ፍትሐዊ ነው ወይ? ምዕራፉንስ እንዴት ልጨርስ?

መልስ፦ መምህርት፣ እኔ መለኪያው አንድ መሆን አለበት ነው የምለው፤ ለአንዱ ቀለል ያለ ሳይንስ ለሌላው ጠንከር ያለ ከተሰጠ የሚጎዳው ያው ቀለል ያለው የደረሰው ልጅ ነው። መንገዱ ግን ይለያይ። አሜሪካኖቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሳይንስ ስታንዳርድ ተማሪው መጨረሻ ላይ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት ነው የሚናገረው፣ በየትኛው ምሳሌ ይማር የሚለውን ለመምህሩ ይተዋል፣ ስለ አካል ጉዳተኞች፣ ስለ ሴቶች ልጆችና በሁለተኛ ቋንቋ ስለሚማሩ ደግሞ ለብቻው አባሪ አለው። የእኛም ሥርዓተ ትምህርት «ዝቅተኛ የመማር ብቃት» ብሎ የሚያስቀምጠው ቢሆን መድረሻውን ነው።

ስለዚህ ምሳሌውን ከጣና ይውሰዱ። እፍግታን (አንድ ነገር ከያዘው ቦታ አንፃር ምን ያህል እንደሚከብድ) ሲያስተምሩ አበባ ያላወጣ እምቦጭ ባልዲ ውሃ ውስጥ ያስገቡ፣ አገዳው ላይ ያለው እብጠት ውስጡ አየር የሞላው ስለሆነ ወደ ታች ሲጫኑት እጅን መልሶ ይገፋል፣ ይሄን ማየት የተሳነው ልጅ ከማንም እኩል ያገኘዋል በእጁ ነዋ የሚያውቀው! ከዛ ሰንጥቀው ያስዳስሷቸው። ደንገልም ያምጡ፣ ከሱ የሚሠራው ታንኳ ለምን እንደሚንሳፈፍ ሲቆይ ደግሞ ለምን ውሃ ጠጥቶ እንደሚከብድ የሐይቅ ዳሮቹ ልጆች ያስረዱ፣ ሲሠራ እያዩ ያደጉ እኮ ናቸው። (እምቦጩን ሲጨርሱ አድርቀው ያቃጥሉት፣ ቦይ ውስጥ እንዳይጣል፣ ቁራጩም ይበቅላል።)

ምዕራፉን በተመለከተ ያው እምቦጭ ፎቶሲንተሲስንም ያስተምራል፣ ዝናብ ከእርሻ አጥቦ የሚያመጣው ማዳበሪያ ለምን እንደሚያፋፋው ሲጠይቁ ብክለት ውስጥ ገቡ ማለት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ በለመዱት ቋንቋ ይከራከሩበት፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ከገባቸው በኋላ ይስጧቸው፣ 9ኛ ክፍል ላይ ያስፈልጋቸዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፣ ስታንዳርድ አውጥቶ ሥልጠናና ዕቃ አብሮ ካልቀረበ ሸክሙ በሙሉ መምህሩ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ በዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ደጋግመው ያንሱት። ማየት የተሳነውን ልጅ ደግሞ ፈተናውን በቃል ይጠይቁት፣ ጥያቄው ግን ከሌሎቹ አይቅለል።