ጥያቄና መልስ፦ ኮላዤ ለምን ጎበጠ?

ጥያቄ፦ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔርሳቶ ላይ ወረቀት፣ ጨርቅና የቆርቆሮ ቁርጥራጭ አጣብቄ አብስትራክት ኮላዥ ሠራሁ። በማግስቱ ሰሌዳው ጎበጠ፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቆርቆሮው ወደቀ። ጥፋቱ የኮላው ነው?

መልስ፦ ሰሌዳውን ያጎበጠው ኮላው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ወረቀት ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚኮማተረው ከተጣበቀ በኋላ ስለሆነ ሰሌዳውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ስስ ኮምፔርሳቶ ደግሞ ይህን ጉልበት አይችለውም። መድኃኒቱ ከጀርባም እኩል የሚስብ ወረቀት መለጠፍ ነው፤ ውፍረቱ ከፊቱ ጋር የተቀራረበ፣ ኮላው ያው፣ ቢቻል በዚያው ቀን። የወረቀቱ የክር አቅጣጫም (በውስጡ ያሉት ደቃቅ ክሮች የተኙበት መስመር) በሁለቱም ፊት አንድ ይሁን። አቅጣጫውን ለማወቅ ወረቀቱን ሳይሰብሩ አንዴ በቁመቱ፣ አንዴ በወርዱ ለመጠቅለል ይሞክሩ፤ ያለ ትግል የሚታጠፍበት መስመር ከክሩ ጋር ትይዩ ነው። የጎበጠውንም ሥራዎን ጀርባውን ለጥፈው ከክብደት በታች ቢያደርቁት ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ፍጹም ይቃናል ብለው ግን አይጠብቁ።

ለሚቀጥለው ከ9 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ይያዙ። ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ሁለት ጊዜ አክሪሊክ ጄሶ ይቀቡ፤ በመካከሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት። (ስሙ አያሳስትዎት፤ ይህ በብሩሽ የሚቀባ የሠዓሊዎች ቀለም እንጂ የግድግዳው ጀሶ አይደለም።) ለስስ ወረቀት 3 እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በ1 እጅ ውኃ ይቅጠን፤ ለጨርቅና ለወፍራም ወረቀት ሳይቀጥን ይሁን። ከመሃል ወደ ዳር እየገፉ አየሩን ያስወጡ። ከዚያ ሰም የተቀባ ወረቀት ደርበው ለ24 ሰዓት ክብደት ይጫኑበት። ላስቲክ አይደርቡ፤ እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል።

ቆርቆሮው የወደቀው ግን በእርግጥም በኮላው ነው። ነጩ ኮላ የሚደርቀው ውኃው ወደ ወረቀቱ ወይም ወደ እንጨቱ ሲሰርግና ሲተን ነው። ብረት አይመጥም፣ የሚጨበጥ ሻካራ ገጽም የለውም። በ1.5 ሚሊ ሜትር መብሻ ሁለት ቀዳዳ በስተው በቀጭን ሽቦ ከጀርባ ይቋጩት። ኢፖክሲም (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ይይዛል፤ ሆኖም አስቀድሞ ቅባቱን በአልኮል መጥረግና ገጹን መፋቅ ያስፈልጋል። ምርጫችን ሽቦው ነው፤ ሐሳብዎን ሲቀይሩ ይፈታል።

ጥያቄ፦ የለጠፍኩት ጋዜጣ እየበለዘ ነው። ቫርኒሽ ያቆመዋል?

መልስ፦ አያቆመውም። ጋዜጣ ሊግኒን (የእንጨትን ክሮች አያይዞ የሚይዝ ንጥረ ነገር) ካልወጣለት የተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ ብርሃንና አየር ያበልዙታል። ጽሑፉን ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ላይ በሌዘር ማተሚያ ይገልብጡት፤ የኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ማተሚያ) ቀለም በእርጥብ ኮላ ይፈሳል። ወይም ብልዘቱን ከመጀመሪያው እንደ አንድ ቀለም አስልተው ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ኮላዡን ከፍሬም አውጥቼ ክፍል የሚሞላ ኢንስታሌሽን ላደርገው እፈልጋለሁ። ከማን ልማር?

መልስ፦ ከጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽዊተርስ። «ሜርዝ» የሚለውን የሥራዎቹን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ ከታተመ የባንክ ማስታወቂያ ላይ «ኮሜርዝ» ከሚለው ቃል «ሜርዝ» የሚለውን ክፍል ቆርጦ ሲለጥፍ ነው። የትራም ቲኬት፣ መጠቅለያ፣ ሽቦ፣ ስባሪ እንጨት፤ ያገኘውን ሁሉ ያጣብቅ ነበር። በ1920ዎቹ ሥራው ከሰሌዳው ወጥቶ ሃኖቨር ባለው ቤቱ ውስጥ ግድግዳና ጣሪያ እየያዘ አደገ፤ ይህ «ሜርዝባው» ነው። በ1937 ወደ ኖርዌይ ተሰደደ፤ ቤቱም በ1943 በቦምብ ወደመ። እንግሊዝ አገር በኤልተርወተር አንድ ጎተራ ውስጥ በ1947 እንደገና ጀመረ፤ በጥር 1948 ሲሞት ያልተጠናቀቀ አንድ ግድግዳ ትቶ ነው። ግድግዳው በ1965 ተነቅሎ ኒውካስል ወደሚገኘው ሃተን ጋለሪ ተወሰደ።

ፎቶዎቹን ሲያዩ ቁርጥራጮቹን ትተው አጥንቱን ይመልከቱ፦ ክፍሉን የሞሉት ቅርጾች ከእንጨትና ከጀሶ የተሠሩ ናቸው። እርስዎም ከኮላ በፊት ከጣውላ አጽም ያቁሙ፤ አጽሙን ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ጋር በብሎን ያስሩ፤ ከዚያ ገጹን ያልብሱት። ክፍል በክፍል እንዲፈታ አድርገው ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ክፍል ከበሩ ስፋት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይጥበብ፤ ይህን ረስቶ ሥራውን በመጋዝ የቆረጠ ብዙ ነው። ወረቀት የሚነካ የሚግል አምፖል አይኑር፤ ኤል.ኢ.ዲ. ከጎን ቢያበራ እጥፋቱና ጥላው ይወጣል።

ዛሬ በሃኖቨር ሽፕሬንግል ሙዚየም የሚታየው የሜርዝባው ቅጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሊሠራ የቻለው በ1933 የተነሡ ፎቶግራፎች ስለነበሩ ነው። ስለዚህ ከመፍታትዎ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ ፎቶ ያንሡ፤ ከጀርባው ላይም ተራ ቁጥርና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በእርሳስ ይጻፉ።