ጫጩቶቹ ሌሊቱን እንዴት አደሩ? የዶሮ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻቸው

ሰላም ውድ አንባቢዎች። የሌማት ትሩፋት ከተጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በከተማም በገጠርም ጓሮው ላይ ዶሮ የጀመረ ሰው በዝቷል፣ ጥያቄውም እንደዛው። የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳነብ ያየሁት ነገር አብዛኛው ሰው ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መድሃኒት ነው። እኔ ግን ከመድሃኒቱ በፊት ቁጭ ብላችሁ ጫጩቶቹን እንድታዩ ነው የምለምናችሁ፣ ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

ጥያቄ፦ 50 የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ በ5 ቀን ውስጥ 19ኙ ሞቱብኝ። ቀን ቀን ደህና ናቸው፣ ሲበሉ ሲጠጡ ይውላሉ፣ ጠዋት ስነሳ ግን ጥግ ላይ ተደራርበው ከስር ያሉት ሞተው አገኛለሁ። አምፖል አለ፣ መድሃኒትም በውሃ እየሰጠሁ ነው። በሽታው ምንድነው? እህታችሁ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ በጣም አዝናለሁ፣ 19 ጫጩት ቀላል አይደለም። ግን «ተደራርበው» ያልሽው ቃል ሁሉንም ነገረኝ። በሽታ የያዘው ጫጩት ብዙ ጊዜ ብቻውን ተነጥሎ ክንፉን ጥሎ ይቆማል፣ የበረደው ግን ጓደኛው ላይ ይወጣል፣ ያም ሌላው ላይ ይወጣል፣ ከስር የቀረው ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ የገደላቸው ብርድ ነው፣ መድሃኒቱን ሐኪም ካላዘዘልሽ አቁሚው።

ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ የሌሊቱን ብርድ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ደሞ ገና ላባ የለውም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈልገው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ነው፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነስሽ ትሄጂና 5ኛው 6ኛው ሳምንት ላይ ላባ ሲያወጣ ራሱን ይችላል፣ በናንተ ሀገር ግን አትቸኩዪ። ቴርሞሜትር ካለሽ ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ አንጠልጥዪው እንጂ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሙቀት እነሱ ጋ ያለው አይደለም።

አምፖል አለ ብለሻል፣ ግን ምን አይነት? ኤልኢዲ ወይም ኢኮኖሚ አምፖል ከሆነ ያበራል እንጂ አያሞቅም፣ ስንቱ ሰው በዚህ ተሸውዷል መሰለሽ። የሚያሞቀው የድሮው ባለ ክሩ 100 ዋት ነው፣ ወይም ለዶሮ ተብሎ የሚሸጠው ቀዩ 250 ዋት። ከዛ ደሞ ቤቱ ጥግ እንዳይኖረው ካርቶን ቆርጠሽ ክብ አድርገሽ አጥሪላቸው፣ ጥግ ከሌለ የሚደራረቡበት ቦታ ያጣሉ። ከስር ሰጋቱራ ወይም ደረቅ የጤፍ ጭድ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ፣ ሲሚንቶው ቅዝቃዜውን ከስር ነው የሚልከው።

መብራት ሲጠፋስ? ከሰል አቀጣጥሎ የጫጩት ክፍል ማስገባት የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ እባክሽ እባክሽ ተጠንቀቂ፣ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢያልቅም መርዙ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጫጩቱንም አንቺንም ይገድላል። እኔ የምመክርሽ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በአሮጌ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ መሃላቸው ማስቀመጥ ነው፣ እየተጠጉ ይተኛሉ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ትቀይሪያለሽ። ከዚህ የተሻለው ደሞ በጭድ የታጨቀው የማሳደጊያ ሳጥን ነው። ዙሪያውንና ክዳኑን ጭድ ትሞዪዋለሽ፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ገላ ሙቀት ያድራሉ፣ መብራት አይፈልግም፣ ክዳኑ ላይ ግን መተንፈሻ ቀዳዳ እንዳትረሺ።

አሁን ዛሬ ማታ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሺና መብራት ሳታበዢ ቀስ ብለሽ እያቸው። አምፖሉ ስር ተጠቅጥቀው ከፍ ባለ ድምጽ ጭው ጭው ካሉ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፣ ሁሉም በአንድ በኩል ከሄዱ ከሌላው በኩል ንፋስ እየገባ ነው፣ ተበታትነው ዝም ብለው ከተኙ ግን አንቺም ተመልሰሽ ተኚ። አንዱን አንሺና እግሩን ጉንጭሽ ላይ አድርጊው፣ እግሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል ምን ጫጩቱ በርዶታል። አንገቱ ስር ያለችውን የምግብ ከረጢትም ዳብሺያት፣ ሞልታ ለስለስ ካለች በልቶ ጠጥቶ ነው ያደረው፣ ባዶ ከሆነች መኖውን አላገኘውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አውራ ዶሮ ከሌለ ዶሮዎቼ እንቁላል ይጥላሉ? ጎረቤቶቼ ጩኸቱን አልወደዱትም። ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አዎ ይጥላሉ፣ ምንም አይቀንስም። አውራው የሚያስፈልገው ማስፈልፈል ከፈለግክ ብቻ ነው፣ ያኔ ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋ ጫጩት የምታወጣበት እንቁላል አውራ ካለበት ቤት መምጣት አለበት። ጎረቤትህን አታስቀይም።

ጥያቄ፦ አንድ ወር የሆናቸው ጫጩቶቼ ኩሳቸው ደም አለው፣ ክንፋቸውን ጥለው ይቆማሉ። ከአዳማ

መልስ፦ ይሄ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው የሚመስለው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ሳምንት መሃል በጣም ይበዛል። የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂድ፣ ብዙ ጊዜ አምፕሮሊየም በውሃ ይታዘዛል፣ እሱን ከጀመርክ ሌላ ውሃ አታስቀምጥ። ግን መጠጫው ዙሪያ ያለውን እርጥብ ሰጋቱራ ዛሬውኑ ጠርገህ ካላወጣህ መድሃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል፣ ምክንያቱም በሽታው እርጥበት ውስጥ ነው የሚራባው። መጠጫውን ጡብ ላይ ከፍ አድርገው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ባህር ዳር ዙሪያ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ፈንግል መጥቶ ዶሮዎቼን ጠራርጎ ይወስዳል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ሰጠሁ፣ ከመድሃኒት ቤትም ቴትራሳይክሊን ገዛሁ፣ አንዱም አልረዳኝም። ክትባት አለ ይላሉ፣ ለ12 ዶሮ ማን ይከትባል? የስድስት ልጆች አባት ነኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈንግል ከገባ በኋላ የሚያድን መድሃኒት የለውም። በሽታው ቫይረስ ነው፣ ቴትራሳይክሊን ደሞ ቫይረስ አይነካም። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰት፣ አንገት መጠማዘዝ ካዩ በኋላ ማድረግ የሚቻለው ጤነኞቹን መለየትና የሞቱትን አርቆ መቅበር ነው። የታመመችውን ዶሮ ገበያ አውጥቶ መሸጥ ግን እባክዎ ይቅር፣ አገር ላገር የሚያዞረው ይሄ ነው። ለበዓል ከገበያ የገዟትንም ዶሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩአት።

ክትባቱ ግን አለ፣ ያውም እዚሁ ሀገር ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት በሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ነው የሚሰራው። ችግሩ እርስዎ እንዳሉት አንዷ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የምትመጣው፣ ከተከፈተች ደሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለባት። ስለዚህ ብቻዎን አያስቡት፣ የሰፈሩን ሰው ሰብስቡና አስር ቤት አስር አስር ዶሮ ቢኖረው መቶ ሆነ ማለት ነው፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናግራችሁ በአንድ ቀን ጠዋት ሁሉም ይከተባል። ፈንግሉ ከመግባቱ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ አስቡት። አይ ቱ የሚባለውን አይነት ካገኛችሁ ለገጠር ይመቻል፣ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል፣ አንድ ጠብታ አይን ላይ ነው፣ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት 40 ቄቦች ነበሩኝ። ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት ከአንድ ሱቅ ገዛሁ፣ ሻጩ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ በረዶ የለ ምን የለ፣ እኔም ኪሴ ከትቼ በጠራራ ፀሐይ በታክሲ ሁለት ሰዓት ያህል ይዤው ሄድኩ። ከዛ ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁ። ከአንድ ወር በኋላ ፈንግል መጣ፣ 33ቱ በ6 ቀን አለቁ፣ የመጨረሻዋ አንገቷ ወደ ኋላ ዞሮ እጄ ላይ ነው የሞተችው። ከትቤያለሁ እያልኩ ነበር እኮ፣ የሰጠኋቸው ግን የሞተ ክትባት ነበር። ላሶታና ኤችቢዋን የሚባለው ሌላው የፈንግል ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለባቸው፣ በበረዶ ይጓዛሉ፣ በውሃ ከተሰጡ የዝናብ ወይም የጉድጓድ ንጹህ ውሃ ይሁን፣ በሊትር 2.5 ግራም ስቡ የወጣለት የወተት ዱቄት ይጨመርበታል፣ ዶሮዎቹ አንድ ሁለት ሰዓት ተጠምተው ይቆዩና በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱታል። ባለሙያው ሲመጣ የበረዶ እቃ ይዞ እንደሆነ ይዩ፣ ካልያዘ ይጠይቁ፣ መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ 20 የ45 ቀን ዶሮ ልገዛ ነው፣ ሐዋሳ ነኝ። መኖ ተወዷል፣ ራሴ ማዘጋጀት እችላለሁ? መቼ ብገዛ ይሻለኛል?

መልስ፦ ጫጩት ለሆኑት እስከ 8 ሳምንት የተዘጋጀ መኖ ግዢ፣ እዛ ላይ አትቆጥቢ፣ የእንቁላል ጣይ መኖም አትስጫቸው፣ ካልሲየሙ በዝቶ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። እንቁላል ሲጀምሩ ግን ራስሽ ማዘጋጀት ትችያለሽ። ከመቶ ኪሎው ግማሹ በቆሎ ይሁን፣ ቀሪው ኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የተቆላ አኩሪ አተር (ጥሬውን እንዳታስገቢ፣ አይፈጭላቸውም)፣ ከዛ ላይምስቶን የሚሉት የኖራ ድንጋይ ዱቄት 8 ኪሎ አካባቢ፣ ጨው ግማሽ ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ ቫይታሚኑን ፕሪሚክስ ከመኖ መሸጫ ትገዢያለሽ። በቆሎው የሻገተ ከሆነ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፣ ሻጋታው መርዝ ነው። አንዷ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፣ ለ20 ዶሮ አንድ ኩንታል 43 ቀን አካባቢ ይቆያል ማለት ነው፣ ከመግዛትሽ በፊት ይሄን ሒሳብ በያዝሽው ገንዘብ ላይ ሥሪው።

መቼ ልግዛ ላልሽው፣ የ45 ቀን ዶሮ ሦስት ወር ከምናምን ጠብቃ ነው የምትጀምረው። ጥቅምት ከገዛሽ ጥር ላይ ይጀምሩና ደህና መጣል ሲይዙ ዓቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን እንቁላል ገዢ ይቀንሳል፣ እነሱ ግን አይጾሙም ይበላሉ። ሐምሌ መጀመሪያ ከተረከብሽ ጥቅምት ላይ ትንንሹን እንቁላል ይጀምሩልሻል፣ ለገና ገበያ ትልልቁን ይዘሽ ትደርሻለሽ።