የሰማይ ራጅ ከድሬ እንዴት ይወርዳል? እናንተ ጠይቃችሁ እኛ መለስን

ባለፈው እትም ስለ ኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ጥቂት መስመር ብሞነጭር ጥያቄው ከድሬም ከሐረርም ተግተለተለ። አራቱን መርጫለሁ። ከታች የምታገኟቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አቦ እንዴት ነህ? ፊዚክስ 3ኛ ዓመት ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በኤክስሬይ ዳታ ልሠራ ነው ስል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ቴሌስኮፑን ከታይዋን ገበያ ልትገዛ ነው?» አሉኝ። ዳታውን ያለ ክፍያና ያለ ደብዳቤ ማግኘት እችላለሁ? (ከሳቢያን)

ትችላለህ። ደብዳቤ የለም፣ ማኅተም የለም፣ «ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል» የሚልህም የለም።

ቴሌስኮፕ ብትገዛም ደግሞ አይጠቅምህም ነበር። ከሰማይ የሚመጣውን ኤክስሬይ አየሩ ውጦ ያስቀረዋል። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ከፍታ የቆሙት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እንኳ ኤክስሬይ አያዩም። (ተመስገን ነው። በድሬ ፀሐይ ላይ ይሄ ቢጨመርብን ምን ይውጠን ነበር?) ስለዚህ መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት አለበት። ከወጡት ውስጥ ስማቸው ገናና የሆነው የናሳው ቻንድራና የአውሮፓው ኤክስኤምኤም-ኒውተን ናቸው፤ ሁለቱም የመጠቁት በ1999 ነው።

የቻንድራ መዝገብ ቤት አሜሪካ፣ ኬምብሪጅ ማሳቹሴትስ ነው። የኤክስኤምኤም ማድሪድ አጠገብ። ናሳ ደግሞ ሂሳርክ የሚባል ከ1990 ጀምሮ የብዙ ቴሌስኮፖችን ዳታ በአንድ ጣሪያ ሥር የሰበሰበ ቤት አለው፤ የትኛው መሣሪያ የትኛውን ኮከብ እንዳየ ካላወቅህ ከዚያ ጀምር። የኮከቡን ስም ትጽፋለህ፣ የምልከታዎቹ ዝርዝር ይመጣልሃል፤ መቼ ታየ፣ ስንት ሰከንድ ታየ፣ በየትኛው ካሜራ ታየ የሚለው ሁሉ አለበት። እያንዳንዱ ምልከታ የራሱ ቁጥር አለው፣ ኦብስአይዲ ይሉታል።

ያንን ቁጥር ደብተርህ ላይ ጻፍ። ስነግርህ ስማኝ። እኔ በተማሪነቴ ፋይሎቼን «ኮከብ 1»፣ «ኮከብ አዲሱ»፣ «ኮከብ የመጨረሻ» ብዬ ሰይሜ፣ ከ2 ወር በኋላ አማካሪዬ «ይሄ የትኛው ምልከታ ነው?» ሲለኝ ላብ በላብ ሆንኩ። የድሬ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት።

ጓደኞችህ አሁንም ከሳቁ ይህን ንገራቸው። በ2017 ሚላኖ አጠገብ ካለችው ሳሮኖ ከተማ የመጡ 6 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለልምምድ ተመራማሪዎች ዘንድ ገብተው የኤክስኤምኤምን የቆየ ዳታ እንዲያገላብጡ ተሰጣቸው። በ2005 ከተመዘገበው ውስጥ ኤንጂሲ 6540 በሚባል የኮከቦች ክምችት አንድ ምንጭ ድንገት እስከ 50 እጥፍ ደምቆ፣ 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲወርድ አገኙት። ለተራ ኮከብ ፍንዳታ በጣም አጭር ነው፣ ከኒውትሮን ኮከብ (ከፈነዳ ትልቅ ኮከብ ከሚቀር እጅግ የታመቀ እምብርት) መጣ እንዳይባል ደግሞ ደካማ ነው። 12 ዓመት ሙሉ እዚያው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር እኮ! የ12ኛ ክፍል ልጅ ካገኘ የ3ኛ ዓመት ተማሪን ማን ይከለክለዋል?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ዳታው ለሁሉም ክፍት ነው ብዬ ካስተማርኩ በኋላ አንዱን ምልከታ ልናወርድ ብንሞክር ተቆልፏል አለን። አሳፈረኝ። ክፍት ከሆነ መቆለፉ ለምን? ደግሞስ የ20 ዓመት ዳታ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መምህር፣ አልተሳሳቱም። ያጋጠመዎት አዲስ ምልከታ ነው። በቻንድራ ሰዓት ለማግኘት ተመራማሪዎች በየዓመቱ ሐሳባቸውን ጽፈው ይወዳደራሉ፣ የሚጠየቀው ሰዓት ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ያሸነፈው ሰው በአብዛኛው 1 ዓመት ብቻውን እንዲሠራበት ይተውለታል። ሐሳቡን ያመጣው እሱ ነውና፣ ፈጣን ኮምፒውተር ያለው ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ነው። ዓመቱ ሲሞላ ቁልፉ ይከፈታል። እንደ ስዊፍት ያሉት ቴሌስኮፖች ደግሞ ከመጀመሪያውም አይቆልፉም፤ ድንገተኛ ፍንዳታ የሚያሳድድ መሣሪያ 1 ዓመት ቆልፎ ምን ሊረባ! ለእኔ 1 ዓመቱ አይበዛም፣ ግን የሚበዛበት ሰው አለ፣ ክርክሩ አላለቀም። ለክፍልዎ ግን የቆየውን ይምረጡ፣ እሱ ሞልቷል።

ስለ ቆየ ዳታ ጥቅም ከጠየቁኝ እናንተ ሐረሮች ለእኔ ብታስተምሩኝ ይሻላል። በሸሪፍ ሙዚየም እነዚያ ሁሉ ኪታቦች ተጠርዘው የተቀመጡት ነገ ምን እንደሚጠየቁ ማንም ስለማያውቅ አይደል?

አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ካሲዮፒያ ኤ የሚባል የፈነዳ ኮከብ ቅሪት አለ፣ ከእኛ 11,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። መሃሉ ላይ ከፍንዳታው የተረፈ ነገር መኖር አለበት እየተባለ ዓመታት ተፈለገ፣ ጠፋ። በነሐሴ 1999 ቻንድራ ዓይኑን ገልጦ የመጀመሪያውን ምስል ሲያነሳ እዚያው መሃል ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ አለች። ወዲያው ሰዎች ወደ መዝገብ ቤት ሮጡ። ሮሳት የተባለው የጀርመን ቴሌስኮፕ በ1990ዎቹ ያነሳው ውስጥ ነጥቧ አለች! ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው ከ1978 እስከ 1981 የሠራውን የአንስታይን ቴሌስኮፕ ዳታ ሲከፍቱ እዚያም አለች፣ ደብዝዛ። የት ቦታ እንደሚያዩ ስላላወቁ ነው እንጂ ዳታው ውስጥ 20 ዓመት ያህል ተቀምጣ ነበር።

ተማሪዎችዎ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ካሉ ደግሞ ይህንን ይጨምሩላቸው። ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት የተወነጨፈው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው፤ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ፣ በታኅሣሥ 12 ቀን 1970። ዕለቱ የኬንያ የነፃነት ቀን ስለነበር ኡሁሩ ተባለ፣ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። የመዘገባቸው 339 የኤክስሬይ ምንጮች ዝርዝር ዛሬም ሂሳርክ ውስጥ ይገኛል።

ወንድሜ፣ እንደ ምንም ብዬ አወረድኩ። በኖትፓድ ስከፍተው መጀመሪያው ይነበባል፣ ከዚያ ሰይጣን የጻፈው ይመስላል። ዲኤስ ናይን በሚባለው የሥነ ፈለክ ምስል ማሳያ ፕሮግራም ስከፍተው ደግሞ ጥቁር ነው። ከዚያ ደግሞ «ኢቪቲ 1» እና «ኢቪቲ 2» የሚል ሁለት ፋይል አለ። ፎቶው የታለ? (ከከዚራ)

ፎቶ የለም። ይቺን ከያዝክ ሌላው ቀላል ነው።

የኤክስሬይ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች ማለት ነው፣ ከፎቶ ጋር አታምታታው) የሚመጡት እየተንጠባጠቡ ነው፣ ብዙ ጊዜ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። መገላ ውስጥ ያለ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ታውቅ የለ? ማን፣ መቼ፣ ስንት ወሰደ እያለ በየመስመሩ ይጽፋል። ፋይልህም እንደዚያ ነው። አንድ መስመር አንድ ፎቶን፤ መቼ መጣ፣ ካሜራው ላይ የት አረፈ፣ ጉልበቱ ስንት ነው። ምስሉን የምትሠራው አንተ ነህ፣ ከዚያው ደብተር የብርሃኑን መውጣትና መውረድ በጊዜ ትስላለህ፣ የጉልበቱንም ስርጭት ታወጣለህ።

ኖትፓድ ላይ ያየኸው ፊትስ የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፣ ከ1981 ጀምሮ ያለ። መግቢያው በተራ ፊደል ይጻፋል፣ ዳታው ግን ለማሽን ነው። ፊትስ ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር የድሮውን ፋይል የማይነበብ ማድረግ ክልክል ነው። ስልካችን የ5 ዓመት ፋይል አልከፍትም በሚልበት ዘመን ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥቁሩ ደግሞ ቀላል ነው። ዲኤስ ናይን ላይ «ስኬል» ከሚለው ሥር «ሎግ» የሚለውን ምረጥ፣ ነጥቦቹ ይወጡልሃል።

አሁን ወደ 1 እና 2። ቻንድራ መሬትን የሚዞረው በረጅም ሞላላ መንገድ ነው፣ አንዱ ዙር 64 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሲርቅ የጨረቃን መንገድ ሲሶ ያህል ይሄዳል። ያየውን በራሱ ማስቀመጫ ይዞ ይቆይና በየ8 ሰዓቱ ገደማ ለናሳ ትልልቅ አንቴናዎች ያራግፋል። ከዚያ ጥሬው ይደረደራል። «ኢቪቲ 1» ውስጥ የተመዘገበው ሁሉ አለ፣ ገለባውም ፍሬውም። «ኢቪቲ 2» የተነፋው ነው። አንተ የምትጀምረው በ2 ነው።

ታዲያ 1ን ለምን አይጥሉትም? ወንፊቱ ስለሚለወጥ። ኤሲስ በሚባለው የቻንድራ ካሜራ ፊት ያለው ማጣሪያ ላይ ባለፉት ዓመታት ቀስ በቀስ ቆሻሻ ተጋግሮበታል፣ ደካማ ጉልበት ያላቸውን ኤክስሬዮች ያስቀራል። አሸዋ ገበያ ያለች የቆየች ሚዛን በል፤ ስፕሪንጓ ላልቷል፣ ግን በየዓመቱ በስንት ግራም እንደምትዋሽ ከታወቀ ድሮ የተመዘነውን ሁሉ ማረም ይቻላል። ስለዚህ ቁም ነገር ልትሠራበት ከሆነ የቆየ ዳታ ስታወርድ በአዲሱ ማስተካከያ እንደገና አስነፋው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ስሙ «ቻው» ይባላል። አትሳቅ፣ መሰናበቻ አይደለም። የሚሠራው በሊኑክስና በማክ ነው፣ ዊንዶውስ ካለህ ሊኑክስን በውስጡ መጫን ይኖርብሃል።

ኔትህ የሚቆራረጥ ከሆነ ሙሉ ፎልደሩን አታውርድ። ቻው ራሱ የምትፈልገውን የፋይል ዓይነት ብቻ መርጦ ያወርዳል። የፋይሉን ክብደት ደግሞ በሰዓቱ ብቻ አትገምት። ደብተር ነው ብዬሃለሁ፣ ብዙ ፎቶን ማለት ብዙ መስመር ነው። ቁጥር 114 የካሲዮፒያ ኤ ምልከታ ነው፣ 50,000 ሰከንድ ገደማ፣ እጅግ ያምራል፣ ግን ደማቅ ስለሆነ ከባድ ነው። መጀመሪያ በደብዛዛ ነገር ተለማመድ።

ልጄ፣ ሰላም ነህ ወይ? የእኔ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ «የሰማይ ራጅ አወርዳለሁ» ብሎ ላፕቶፕ ላይ ተደፍቶ ያድራል። ሆስፒታል ራጅ ሲያነሱን ሰውየው ራሱ ወጥቶ በሩን ይዘጋል። ልጄን ጨረሩ አይጎዳውም? (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

እማማ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት? ምንም አይሆንም፣ አይስጉ። ሆስፒታል ውስጥ ጨረሩ ራሱ ነው ከማሽኑ የሚወጣው። ልጅዎ የሚያወርደው ግን ቁጥር ብቻ ነው። የበርበሬ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት አያስነጥስም አይደል?

ሌሊት የሚሠራው የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ይመስለኛል፣ ስለዚህ አይቆጡት። ግን ፋይሉ መውረድ ከጀመረ አጠገቡ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለበትም፣ ኮምፒውተሩ ብቻውን ያወርዳል። «ሂድ ተኛ» ይበሉት።