ሁለተኛው ባትሪ አልሞላ ካለ ተጠያቂው ማን ነው፤ ሻጩ ወይስ የገጠመው?

ጥያቄ፦ "የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። አንድ አባዱላ ሚኒባስ አለኝ። የኋላ ወንበሮቹን አውጥቼ አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅና መብራት አስገባሁበት፤ ውጭ አገር ሞተርሆም የሚሉት ዓይነት። ቤተሰቤን ይዤ ሐይቅ ዳር አድርበታለሁ። አልፎ አልፎ ለእንግዳ አከራየዋለሁ። ለፍሪጁና ለመብራቱ ደሴ ከሚገኝ ሱቅ 100 አምፒር ባትሪ ገዛሁ። ኮምቦልቻ ያለ ኤሌትሪሺያን ከመኪናው ዲናሞ ጋር አገናኘልኝ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ብነዳም አይሞላም፤ ሌሊት ፍሪጁ ይጠፋል። ሻጩ 'የገጠመው ሰው ነው ያበላሸው' ይላል። ኤሌትሪሺያኑ 'ድሮም የሞተ ባትሪ ነው' ይላል። ከገዛሁት ሦስት ወር አልፏል። ደረሰኙ ላይ 'የተሸጠ ዕቃ አይመለስም' ተብሏል። ከኤሌትሪሺያኑ ጋር የተፈራረምነው ነገር የለም። ማንን ልክሰስ?"

መልስ፦

ወንድሜ፣ ለጊዜው ማንንም አይክሰሱ። መጀመሪያ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይፈልጉ።

እርስዎ ያለዎት ሁለት የተለያየ ውል ነው። ከደሴው ሻጭ ጋር የሽያጭ ውል፣ ከኮምቦልቻው ባለሙያ ጋር ደግሞ የሥራ ውል። ሻጩ የሚጠየቀው ባትሪው ሲያስረክብዎት ለነበረበት ጉድለት ነው። ኤሌትሪሺያኑ የሚጠየቀው ቃል ለገባው ውጤት ነው፤ ማለትም መኪናው ሲነዳ ባትሪው እንዲሞላ። ፍርድ ቤት ሄደው "ከሁለቱ አንዱ ነው ያበላሸው" ቢሉ አያዋጣም። የማስረዳት ግዴታው የከሳሽ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ እርስዎ መሐል ላይ ይቀራሉ።

ስለዚህ ጥያቄው ባትሪው ጋ ይመለሳል። ሞተር ጠፍቶ፣ ምንም ሳይሠራበት ለጥቂት ሰዓት ያረፈ የ12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሙሉ ከሆነ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ገደማ ነው የቀረው። ቀጥሎ ሞተር ያስነሱና የመኪናውን ዋና ባትሪ ይለኩ። ወደ 14 ቮልት አካባቢ መውጣት አለበት። ካልወጣ ችግሩ የመኪናዎ ዲናሞ ነው፤ ሁለቱንም ሰዎች ይቅርታ ይጠይቋቸው። ዋናው ባትሪ ላይ 14 እያሳየ ሁለተኛው ላይ 12 ምናምን ብቻ ከሆነ፣ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የተቃጠለ ፊውዝ፣ የማይዘጋ ሪሌ (ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝና የሚለያይ ማብሪያ)፣ ለርቀቱ የቀጠነ ገመድ፣ ወይም ከቦዲው ጋር በደንብ ያልታሰረ ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ይህ የኤሌትሪሺያኑ ሥራ ነው። ሁለቱም ጋ 14 ደርሶ ባትሪው ሌሊት የሚተኛ ከሆነ ግን ባትሪው ራሱ ይጠረጠራል። ያኔ ተፈቶ፣ በቻርጀር ሞልቶ፣ ጭነት ተደርጎበት ይፈተን።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ባዶ የሆነ 100 አምፒር ባትሪ በዚያች መንገድ ጤነኛ ሆኖም አይሞላም። የተከሳሹ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት "በቀን ስንት ሰዓት ይነዳሉ?" ብሎ ነው። መልሱን ከአሁኑ ያዘጋጁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንሂድ። ባትሪው ተፈትኖ "ሞቷል" ቢባል እንኳ ሻጩ ተሸነፈ ማለት አይደለም። የአሲድ ባትሪ ሳይሞላ ለሳምንታት ከቆየ ውስጡ በሰልፌት (ሳህኖቹ ላይ በሚጋገር ጠጣር ነገር) ይያዛል፤ በኋላ ቢሞላም አቅሙ አይመለስም። ስለዚህ ደህናውን ባትሪ የገደለው መጥፎ ገመድ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ኤሌትሪሺያኑ ገመዱን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን ለባትሪውም ኪሳራ ይጠየቃል። ለመርማሪው ባለሙያ "ባትሪው ይሠራል ወይ?" የሚል ጥያቄ ብቻ አያቅርቡ። "ምን ገደለው?" ብለው ይጠይቁ። ባትሪው ላይ የታተመውን የምርት ቀንም ፎቶ ያንሱ። ሱቅ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የከረመ ከሆነ ነገሩ ወደ ሻጩ ያዘነብላል።

ሻጩን በተመለከተ ከሁሉም በላይ ማወቅ የምፈልገው ሲገዙ ምን እንዳሉት ነው። ለመኪና ማስነሻ የሚሠራ ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው የተሠራው። ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ላሠራበት ሲባል እየተሟጠጠ ከተሞላ ቶሎ ይሞታል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ለሶላር የሚሸጠው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2289 ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ባይሆን ብቻ ሳይሆን፣ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታሰበለት ልዩ አገልግሎት ባይሆንም ጉድለት አለበት ይላል። "መኪና ውስጥ ሌሊት ፍሪጅ የሚያሠራ" ብለው ከገዙና የማስነሻ ባትሪ ከሰጠዎት ጥሩ ጉዳይ አለዎት። "አንድ 100 አምፒር ስጠኝ" ብቻ ብለው ከሆነ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ጉዳይዎ ይሳሳል። አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ወይም በቴሌግራም የጻፉለት መልእክት ካለ ያስቀምጡት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለሻጩ ደብዳቤ ይጻፉ። ዛሬውኑ። ሕጉ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። "ባትሪው አይሠራም" ብሎ መደወል አይበቃም። የጉድለቱን ዓይነት ይግለጹ፣ የለኩትን ቮልት ይጻፉ፣ መጥቶ እንዲያየው ወይም ሰው እንዲልክ ቀን ቆርጠው ይጋብዙት። አንድ ቅጂ አስፈርመው ይያዙ፤ አልፈርምም ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩለት። ክስ የማቅረቢያው አንድ ዓመትም የሚቆጠረው ከዚህ ማስታወቂያ ጀምሮ ነው (ቁጥር 2298)። ለኤሌትሪሺያኑም ተመሳሳይ ደብዳቤ ይስጡትና ሁለቱንም በአንድ ቀን ይጥሯቸው። ቴስተሩ ሁለቱም ፊት ቢነበብ ክርክሩ ግማሽ ያልቃል።

"የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያስፈራራል። ተዋዋዮች ዋስትናን፣ ማለትም ሻጩ ለጉድለት ያለበትን ኃላፊነት፣ በስምምነት መቀነስ ወይም ማስቀረት ይችላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ግን ያ ጽሑፍ አያድነውም። ደግሞም ደረሰኙን ያዩት ገንዘቡን ከከፈሉ በኋላ ከሆነ፣ "መቼ ተስማማሁ?" ብለው መከራከር ይችላሉ።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ስ? እዚያ ውስጥ ዕቃ ለማስቀየር ወይም ገንዘብ ለማስመለስ የተሰጠው ቀን አጭር ነው፤ ሦስት ወር ቆይተዋልና ብዙ አልተማመንበትም። በዚያ ላይ መኪናውን ያከራያሉ። አዋጁ የሚጠብቀው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛውን ነው። ዋናው መንገድዎ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ከኤሌትሪሺያኑ ጋር አለመፈራረምዎ አያሳስብዎት። ከ500 ብር ሲበልጥ ሕጉ ጽሑፍ የሚጠይቀው ለብድር ነው፤ ሰዉ ይህን ለሁሉም ውል ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ሥራ በቃል ይዋዋሉታል፣ በምስክር ያስረዱታል። የከፈሉበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ክሱ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት፣ አለዚያም ውሉ በተደረገበት ቦታ ይቀርባል። ለሻጩ ደሴ፣ ለኤሌትሪሺያኑ ኮምቦልቻ መሆኑ ነው። ለአንድ ባትሪ ሁለት ከተማ መመላለስ ግን ለኪስም ለጉልበትም አይመችም። እኔ ብሆን ከልኬቱ በኋላ ሽማግሌ አስቀምጣለሁ። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ማን ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ ይጻፍ፣ ምስክሮችም ይፈርሙበት። ሽምግልናው እስኪያልቅ ተብሎ ግን ደብዳቤው አይዘግይ።

እስከዚያው ሌላ ኤሌትሪሺያን ገመዱን እንዳይነካው። ሦስተኛ እጅ ከገባበት ሁለቱም "እኔ የሠራሁት እንደዚህ አልነበረም" ይላሉ። አገጣጠሙን በቪዲዮ ይቅረጹት፤ በተለይ ከዋናው ባትሪ በሚነሳው ገመድ ላይ ፊውዝ መኖሩን ያሳዩ። ከሌለ ገመዱን ከዋናው ባትሪ ላይ ይፍቱት። ፊውዝ የሌለው ገመድ እሳት ያስነሳል፤ ኢንሹራንስዎም ስለተቀየረው መኪና ካልተነገረው ሌላ ጣጣ ይመጣል።