ከማስነሻው ዝርዝር የጠፋው ዊንዶውስ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት እሰጣለሁ። በላፕቶፔ ላይ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና ከጫንሁ ወዲህ ኮምፒዩተሩ በቀጥታ ወደ ኡቡንቱ ይገባል፤ ዊንዶውስን የምመርጥበት ዝርዝር አይመጣልኝም። የደንበኞቼ ሰነዶች ጠፍተው ይሆን?

መልስ፦ የሰው አደራ ይዘዋልና መጨነቅዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሲጭኑ ዲስኩ በሙሉ እንዲጠፋ ካልፈቀዱ በቀር ሰነዶቹ በቦታቸው አሉ። ዝርዝሩን የሚያቀርበው ግረብ የተባለው ፕሮግራም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከወጣው 2.06 እትሙ ጀምሮ፣ ለደኅንነት ሲባል ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን በራሱ መፈለግ በማቆሙ ብዙዎች ይህ ችግር ገጥሟቸዋል።

ከጥገናው በፊት ግን ሰነዶቹን ያድኑ። ላፕቶፑን ሲያበሩ ኤፍ12ን ወይም ኤፍ9ን (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል) ተጭነው በሚከፈተው ምርጫ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚለውን ካገኙ፣ በዚያው ገብተው ሁሉንም ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው እንዳይሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከዚያም በኡቡንቱ፣ «ኢቲሲ» በተባለው ማውጫ ውስጥ «ዲፎልት» ከሚለው ሥር ያለውን የግረብ ፋይል በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍተው፣ ኦኤስ ፕሮበርን (ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን የሚፈልገውን መሣሪያ) የሚያግደውን መስመር ከፊቱ ያለውን የመሰላል ምልክት (#) አጥፍተው ዋጋውን «ፎልስ» ያድርጉት። ፋይሉን አስቀምጠው በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ሲሰጡ፣ የዊንዶውስ ስም በውጤቱ ላይ መታየት አለበት። ካልታየ፣ ኮምፒዩተሩ ከሚነሳባቸው ሁለት ስልቶች አንደኛው ስርዓተ ክወና በአዲሱ ዩኢኤፍአይ፣ ሌላው በአሮጌው ባዮስ ተጭነው ሊሆን ስለሚችል፣ ኡቡንቱን ዊንዶውስ በተጫነበት ስልት እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።