ጥያቄና መልስ፦ ከሌላ ዓለም ይመጣሉ ስለሚባሉ ፍጡራን ክርስቲያን ማስረጃ መጠየቅ ይገባዋልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ከሁለት ባልንጀሮቼ ጋር ስለ ኤሊየኖች ተከራክረን ሳንግባባ ተለያየን። አንደኛው በሰማይ የታዩ በራሪ አካላትን የሚያሳዩ ቪዲዮዎችንና ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየውን መንኰራኩር እየጠቀሰ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ምድርን እንደሚጎበኙ በጽኑ ያምናል። ሁለተኛው ሳይንስ ያላረጋገጠው ሁሉ የለም ባይ ነው፤ «አንተ ራስህ መላእክትን እያመንህ ከእርሱ ማስረጃ የምትጠይቀው በምን አፍህ ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ክርስቲያን በእንዲህ ያለ ነገር መጠራጠር ይገባዋልን? የጥርጣሬስ ወሰኑ የት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሰላሙ ይብዛልዎ። የሁለተኛው ባልንጀራዎ ተቃውሞ መልስ ያሳጣዎት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ስለ ደባለቀ ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ማስረጃ መጠየቅ በራሱ የእምነት ጠላት እንዳልሆነ ይወቁ። ሕጉ ነገር ሁሉ በሁለት ወይም በሦስት ምስክሮች ቃል እንዲጸና ያዝዛል (ዘዳ. 19፥15)፤ ሐዋርያው ዮሐንስም መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ይልቁንም ከእግዚአብሔር መሆኑን እንድንመረምር ያስተምረናል (1ዮሐ. 4፥1)። ሐዋርያት ራሳቸው ሴቶቹ የትንሣኤውን ዜና ባመጡላቸው ጊዜ ወዲያው አልተቀበሉም (ሉቃ. 24፥11)፤ ጌታም እጆቹንና እግሮቹን አሳይቷቸው፣ በፊታቸውም በልቶ አረጋገጠላቸው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ባልንጀራዎ እንምጣ። ከሌላ ፕላኔት ጎብኚዎች ይመጣሉ የሚለው አባባል ስለ ግዙፍ አካል፣ ማለትም ስለሚታይና ስለሚዳሰስ ነገር የተነገረ ነው። ግዙፍ አካል በሰማይ ሲያልፍ በራዳር ሊያዝ፣ በካሜራ ሊቀረጽ፣ ከወደቀም ስብርባሪው ተገኝቶ ሊመረመር ይችላል፤ ስለዚህ አባባሉን በሳይንስ መሣሪያ መመዘን ተገቢ ነው። ተመዝኗልም። የአሜሪካ አየር ኃይል በሰማይ ስለ ታዩ ያልታወቁ አካላት ያካሄደውን «ብሉ ቡክ» የተባለውን የምርመራ ፕሮጀክቱን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲዘጋ 12,618 ሪፖርቶች ተመዝግበው ነበር፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ደማቅ ፕላኔቶችና ከዋክብት፣ ፊኛዎች፣ አውሮፕላኖችና የመሳሰሉት ሆነው ሲገኙ 701ዱ ምንነታቸው ሳይታወቅ ቀርቷል።

ክርክሩ ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ምላሽ ካላገኙት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን ማሰብ ይገባናል። «ምንነቱ አልታወቀም» ሲባል የተነገረው ስለ እኛ እውቀት ማነስ እንጂ ስለዚያ አካል ማንነት አይደለም። በባዶ ሰማይ ላይ የታየ ብርሃን ትንሽና ቅርብ፣ ወይም ትልቅና ሩቅ መሆኑን ዓይን ብቻውን ሊለይ አይችልም፤ ርቀቱ ካልታወቀ ደግሞ መጠኑም ፍጥነቱም ሊታወቅ አይችልም። እንግዲህ አንድ እውነተኛና ልምድ ያለው ሰው «ከማንኛውም አውሮፕላን በላይ ፈጥኖ ሲሄድ አየሁ» ቢል ብርሃን ማየቱን ልናምነው ይገባል፤ ፍጥነቱን ግን እርሱ ገመተው እንጂ አላየውም። ሰውየውን ሐሰተኛ ሳንል ግምቱን ከምስክርነቱ መለየት እንችላለን፤ እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈልገው ይህ ልዩነት ይመስለኛል። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም የሆነው ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ የጥናት ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ክስተቶቹ ከሌላ ዓለም ለመምጣታቸው ማስረጃ አለማግኘቱን፣ ዋናውም ችግር የመረጃው ጥራት ማነስ መሆኑን ገልጿል።

መንገዱም ቀላል አይደለም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ይኸውም ብርሃን ራሱ በ4.2 ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ጠፈር የተላከችው ሰው አልባ መንኰራኩር ቮያጀር 1 አሁን ባላት ፍጥነት ያንን ያህል ርቀት ለመጓዝ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ይህ አባባሉን እጅግ ከባድ ያደርገዋል እንጂ ፈጽሞ የማይቻል ነው አያሰኝም።

ተጠራጣሪነትም የራሱ ኃጢአት አለው፤ ይኸውም ሳይሰሙ መፍረድ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙዎቹ ድንጋይ ከሰማይ ይወድቃል የሚሉትን የገጠር ሰዎች እንደ ተረት አውሪ ይቆጥሯቸው ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1794 ድንጋዮቹ ከህዋ የሚመጡ ናቸው ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ. በ1803 ግን በፈረንሳይ ሌግል በተባለች ከተማ አቅራቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ወረዱ፤ ዣን ባቲስት ቢዮ የተባለው ሊቅም ወደ ስፍራው ሄዶ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፣ ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ ለየ፣ እውነታቸውንም አጸደቀላቸው። «ሊሆን አይችልም» ያሉት ሊቃውንት ተሳስተው ነበር፤ ስሕተታቸውን ያረመው ግን ምርመራን መተው ሳይሆን በትዕግሥት መመርመር ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ እየጠቀሱ «ያኔ ተሳስተዋልና አሁንም ኤሊየኖችን ሲክዱ ተሳስተዋል» የሚሉ ሰዎች የታሪኩን ግማሽ ትተውታል፤ ድንጋዩ በእጅ ተይዟል፣ በራሪው አካል ግን እስካሁን አልተያዘም።

የሁለተኛው ባልንጀራዎ ጥያቄ የሚመለሰውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ቤተ ክርስቲያን መላእክት ረቂቃን፣ ማለትም እንደ እኛ የሚዳሰስ ግዙፍ አካል የሌላቸው መሆናቸውን ታስተምራለች። እኛ በመላእክት የምናምነው በሰማይ ላይ የሚያብራራው የጠፋ ብርሃን ስላየን አይደለም፤ እግዚአብሔር በነቢያትና በሐዋርያት፣ ከሁሉም በላይ በልጁ በኢየሱስ ክርስቶስ የገለጠውን ስለ ተቀበልን ነው። ስለዚህ አንድ ብርሃን ነገ አውሮፕላን ሆኖ ቢገኝ ከእምነታችን የሚጎድል ምንም የለም። መለኪያ ያለው ሰው የሚለካውን ነገር ሊያውቅ ይችላል፤ «ያልለካሁት ሁሉ የለም» ሲል ግን መለኪያው ያልነገረውን ይናገራል፤ «ሳይንስ ያላረጋገጠው ሁሉ የለም» የሚለው አባባል ራሱ በየትኛውም ላቦራቶሪ የተረጋገጠ አይደለምና። ይሁን እንጂ ይህን ወሰን ስናሳይ በራሪውን አካል ከወሰኑ ውጭ አውጥተን ከምርመራ ልናስመልጠው አንችልም። እርሱ አለ ከተባለ ግዙፍ ነውና በሚለካው ወገን ነው፤ መላእክትን ለማመን የበቃው ምክንያት ለእርሱ አይሠራም።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየውን የጠፈር መንኰራኩር ነው ማለት ነቢዩን አለማድመጥ ነው። ያየው የእግዚአብሔር ክብር ምሳሌ እንደ ሆነ በምዕራፍ 1 ቁጥር 28 ተናግሯል፤ በራእዩ ያያቸው እንስሶችም ኪሩቤል እንደ ነበሩ ማወቁን በምዕራፍ 10 ቁጥር 20 ጽፏል። ጸሐፊው የራሱን ራእይ ከተረጎመልን እኛ ሌላ ትርጉም የምንፈልግበት ምክንያት የለም።

ከምእመናን መካከል ደግሞ በሰማይ የታየውን ሁሉ «የአጋንንት ሥራ ነው» ብለው የሚቸኩሉ አሉ። ያልታወቀውን በኤሊየን መሙላት ካልተገባ በሰይጣን መሙላትም አይገባም፤ የዓለምን ምሥጢር ሁሉ ለእርሱ መስጠት የሌለውን ሥልጣን መስጠት ነው። አንድ ነገር ግን ያለ ማመንታት እላለሁ፦ ከሌላ ዓለም ፍጡራን መልእክት ተቀብያለሁ የሚልና አዲስ ትምህርት የሚያመጣ ሰው ቢነሣ ሽሹት። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ «ሄቨንስ ጌት» የተባለው ቡድን 39 አባላት ሄል ቦፕ ከተባለው ጅራታም ኮከብ (ኮሜት) ጋር የሚመጣ መንኰራኩር ነፍሳቸውን እንደሚቀበል አምነው ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ከሰማይ የመጣ መልአክ እንኳ ቢሆን ከተሰበከው የተለየ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን ያለው (ገላ. 1፥8) ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው፤ የመልእክተኛው እንግዳነትና ድንቅነት መልእክቱን እውነት አያደርገውም።

ምናልባት አንድ ቀን በሌላ ፕላኔት ሕይወት ቢገኝ እምነታችን ይናወጣል ብለው አይፍሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፕላኔት ከተገኘ ወዲህ ከ5,000 በላይ ፕላኔቶች ተረጋግጠዋል፤ በእነርሱ ላይ ሕይወት ይኑር አይኑር እግዚአብሔር አልነገረንም። ቢኖር የፈጠረው እርሱ ነው፤ የሚታየውና የማይታየው ሁሉ በእርሱ ተፈጥሯልና (ቆላ. 1፥16)።

ከባልንጀሮችዎ ጋር እንደገና ስትገናኙ ለመጀመሪያው አይሳቁበት፤ ቪዲዮው መቼ፣ የትና በማን እንደ ተቀረጸ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ወይም ሌላ መሣሪያ ያየው እንደ ሆነ ይጠይቁት፣ መልሱ ካልተገኘም «አልታወቀም» ብላችሁ ተዉት። ያልተረጋገጠውን እንደ እውነት ማሰራጨት በሐሰት ከመመስከር የሚቆጠር መሆኑን በፍቅር ይንገሩት። ሁለተኛውን ደግሞ ማስረጃ በመጠየቁ ያመስግኑትና እርስዎም በመላእክት ለምን እንደሚያምኑ ከሰማይ ብርሃናት ሳይሆን ከወንጌል ጀምረው ያስረዱት።